ኀይለኛ ሞተር ቢስክሌትን ለሌላ ሰው ስለ ማዋስ

በአዲስ አበባ ከተማ በአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው የሚታዩበት ሐውልት ቆሞ ይገኛል። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ነቅለውት ነበር፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ዛሬ በዙሪያው ቀኑን ሙሉ ታክሲና አውቶቡስ ይመላለሳል፤ በመካከላቸውም ሞተር ቢስክሌቱ እንደ ንብ እየጮኸ ያልፋል። ይህን ቆሞ የሚመለከት ሰው የቀድሞ ሰው ፈረሱን እንዴት አድርጎ ይጠብቅ እንደ ነበረ ቢያስብ መልካም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ሲባሉ ይህ ሁሉ የፈረስ ስም ነው። ስሙን ከፈረሱ ጋር ያሰረ ሰው ፈረሱን ለመጣ ለሄደው ሁሉ «እስቲ አንድ ጊዜ ጋልብበት» ብሎ ይሰጥ ነበር ማለት ያስቸግራል። በቤተ መንግሥትም ባልደራስ የሚባል ሹም የተሾመው ፈረሱን ለማብላት ብቻ አልነበረም፤ ማን እንደሚወጣበትም ለማወቅ ነበር እንጂ።

ፈረስና በቅሎ ግን ራሳቸው ደግሞ ጠባቂዎች ነበሩ። ባዕድ ሰው የወጣበት ፈረስ ከአቀማመጡና ከልጓም አያያዙ ያውቀዋል፤ ጆሮውን ይጥላል፣ ይገትራል፣ አንዳንዱም ጋላቢውን ጥሎ ወደ ጌታው ቤት ይመለሳል። በቅሎም ገደል አፋፍ ስትደርስ ቢገርፏት እንኳ አንድ እርምጃ አትራመድም። እንግዲህ የማይገባው ተዋሽ ሲመጣ እንስሳው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ «እንቢ» ይል ነበር ማለት ነው። ሞተር ቢስክሌት እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ቁልፉን ለያዘ ሁሉ ይታዘዛል፤ የሃያ ዓመት ልምድ ያለውን ነጂና ትናንት ብስክሌት የተማረውን ልጅ አይለይም፤ እጀታው በተጠመዘዘለት መጠን ይሄዳል። ስለዚህ እንስሳው ይሠራው የነበረው የመከልከል ሥራ ሁሉ ዛሬ በባለቤቱ አፍ ላይ ወድቋል። ባለቤቱ «እንቢ» ካላለ «እንቢ» የሚል ሌላ ማንም የለም።

የሞተር ጉልበት እስከ ዛሬ ድረስ በፈረስ ይቈጠራል። ለግብርና ሠራተኞች የሚሰጠው የ100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ትንሽ ሞተር ጉልበቱ ከ10 ፈረስ አይበልጥም። የ1000 ሴንቲ ሜትር ኩብ የእሽቅድድም ሞተር ግን 200 ፈረስ ያህል ጉልበት ሲኖረው፣ ክብደቱ ራሱ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ፈረስ መጫን ማለት ነው። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል፤ አንድ ሰው ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ጠርቶ እስኪጨርስ ድረስ ማለት ነው። ሁለት መቶ ፈረስ ያለው መኰንን ስንት ባልደራስና ስንት ሎሌ ያስፈልገው እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ሁሉ ፈረስ በአንዲት ትንሽ ቁልፍ ለጎረምሳ አሳልፎ መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ያልለመደ ሰው እንዴት እንደሚወድቅ ነው። በመኪና ቤንዚኑ በእግር ይሰጣል፤ የነጂውም ገላ በወንበሩ ይደገፋል። በሞተር ቢስክሌት ግን ቤንዚኑ የሚሰጠው በቀኝ እጅ በሚጠመዘዘው እጀታ ነው፤ ያው እጅ ደግሞ ነጂው ገላውን ይዞ የሚቀመጥበት ነው። ያልለመደው ሰው ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቀው ሞተሩ ወደ ፊት ይዘላል፤ ገላው ወደ ኋላ ይቀራል፤ እንዳይወድቅ ብሎ እጀታውን አጥብቆ ይጨብጣል፤ ወደ ኋላ በተሳበ ቍጥር የእጁ አንጓ አብሮ እየታጠፈ ቤንዚኑን ይጨምረዋል። እንግዲህ በፈራ መጠን ይጨብጣል፤ በጨበጠ መጠን ይፈጥናል። የፈረስ ልጓም ሲሳብ ያቆማል፤ የሞተር እጀታ ሲሳብ ያስጋልባል። በፈረስ ያደገ ሰው እንኳ ይህን ሳይማር ቢወጣበት የእጁ ልማድ ራሱ ጠላት ይሆንበታል። አደጋውም ከባለቤቱ ደጅ አንድ መቶ ሜትር ሳይርቅ፣ የሚያጨበጭቡት ጓደኞቹ ገና እያዩት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የፍሬኑም ነገር እንዲሁ ነው። የሞተር ቢስክሌት የመቆም ኀይል አብዛኛው ያለው በፊተኛው ጎማ ፍሬን ላይ ነው። ጀማሪው ግን ወይ የፊቱን ፈርቶ የኋላውን ብቻ ይረግጥና ጎማው ይንሸራተትበታል፤ ወይም የፊቱን በድንጋጤ ጨብጦ ጎማውን ያስርና ከነሞተሩ ይገለበጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ እጁ ፍሬኑን ሳይነካ ዓይኑ አይቶ ልቡ እስኪያስብ ድረስ ይህን ያህል መሬት አልፎታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚማታበት ኀይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ። ኵርባም ሲመጣ ያልለመደ ሰው የሚፈራውን ነገር ትክ ብሎ ያያል፤ ግንብ ቢሆን ግንቡን፣ ሰው ቢሆን ሰውየውን፤ ሞተሩም ዓይን ወዳየበት ይሄዳል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በሜዳ ላይ ነው። አራዳ ግን ሜዳ አይደለም። ከማዘጋጃ ቤቱ በታች በቸርችል ጎዳና ወደ ቴዎድሮስ አደባባይና ወደ ለገሃር የሚወርደው መንገድ ቀጥ ያለ ቍልቍለት ነው፤ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ የሚወርደውም ከዚያ አይሻልም። አራዳ በምኒልክ ዘመን የከተማው ገበያ ነበር፤ ጣሊያኖች በወረራቸው ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የሚባለውን ሲያቋቁሙ፣ አራዳን ፒያሳ ብለው ለሱቅና ለመዝናኛ አደረጉት። በ2016 ዓ.ም. በተያዘው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና ሌላም ብዙ አሮጌ ሰፈር ፈርሷል፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል፤ መንገዱም ሰፍቷል። መንገድ ሲሰፋ ሥጋት ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ለእግረኛ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሞተር ለተዋሰ ጎረምሳ ግን የሰፋ አስፋልት ግብዣ ነው። የክረምት መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ደግሞ በበጋው የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተደባልቆ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል፤ ይህም የነባሩን ነጂ እጅ እንኳ ይፈትናል።

እዚህ ላይ በየአውራጃው ላሉ ሹማምንት የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሩ የሳሳ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው አየር ስለሚተነፍስ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል በዚያ ያጣል። ያው ሞተር ወደ አዋሽ ሸለቆ ወይም ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ የጠፋው ጉልበቱ አብዛኛው ይመለስለታል። በፒያሳ «ይህን ሞተር አውቀዋለሁ» ያለ ሰው በቆላ ሲይዘው የሚያውቀው ያንን አይደለም።

ስለ ውሰት የተጻፈው ሕግ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘፀአት በ22ኛው ምዕራፍ እንስሳ ስለ ተዋሰ ሰው ተደንግጓል፤ እንስሳው ባለቤቱ በሌለበት ቢሰበር ወይም ቢሞት ተዋሹ ይከፍላል፤ ባለቤቱ አብሮት ቢኖር ግን አይከፍልም። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ውሰት የሚናገርበት ክፍል አለው። በእነዚህ ሁሉ ጥያቄው በአዋሰውና በተዋሰው መካከል ብቻ ነው፤ የእንስሳውን ዋጋ ማን ይክፈል የሚል ነው። የዛሬው ሕግ ግን በመንገድ ቆሞ የነበረውን ሦስተኛውን ሰው ይጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081 ቍጥር፣ የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደ ሆነ፣ የነዳውም ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ከኀላፊነት እንደማይድን ይደነግጋል። የሚድነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ቁልፉን በገዛ እጁ የሰጠ ሰው ደግሞ ተሰረቅሁ ሊል አይችልም።

ይህ ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩ በዚያው በኦሪት አለ። የሚዋጋ በሬ ያለው ሰው፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀርና ሰው ቢገደል ዕዳው በባለቤቱ ላይ እንደ ሆነ በ21ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። የ200 ፈረስ ሞተር ተዋጊ መሆኑን ለባለቤቱ ማንም መንገር አያስፈልገውም፤ ሲገዛው የተመካበት በዚሁ ነውና።

ተዋሹም በበኩሉ አይድንም። በቸልተኝነት ሰው የገደለ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በ543ኛው አንቀጽ መሠረት በእስራት ይቀጣል። እንግዲህ ለወዳጅነት ተብሎ የተሰጠው ቁልፍ አንዱን ወዳጅ ወደ ወኅኒ፣ ሌላውን ወደ ዕዳ ይሰዳል፤ የሞተው ሰው ቤተ ሰብ ግን በሁለቱም አይካስም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን እንዳይነዳ ከልክሏል፤ ይህ ለተጎጂው መልካም መጠጊያ ነው። ዳሩ ግን ባለቤቱ ለገዛ ንብረቱ የገባው የመድን ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሲነዳ ስለ ሆነ፣ «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚለው መጽናኛ ሞተሩ ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ ሳለ ባዶ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ ሰው ለምን ያውሳል? መልሱ ይሉኝታ ነው። ንፉግ እንዳይባል፣ ኰራ እንዳይባል፣ «ብረት ከወንድሙ በለጠበት» እንዳይባል ይሰጣል። ለማኙም ይህን ስለሚያውቅ ብቻውን ሆኖ አይለምንም፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከቡና ቤት ደጅ፣ እየሳቀ «አንድ ዙር ብቻ» ይላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ባለቤቱም አብሮ እየሳቀ ቁልፉን ያቀብላል። አራዳ የሚለው የሰፈር ስም በከተማው ልጆች አፍ ብልጥና ነቃ ያለ ሰው ማለት ሆኗል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ከአራዳው ልጅ ይልቅ በቅሎውን ለማንም የማያውሰው ባላገር ብልጥ ሆኖ ይገኛል።

ሌላም አለ። በአዲስ አበባ በሞተር ቢስክሌት እየተጫኑ የሰውን ቦርሳና ስልክ መንጠቅ እየበዛ ስለ ሄደ፣ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለሥራ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ቢስክሌቶች በከተማው እንዳይነዱ ከልክሎ ነበር። ይህ ክልከላ ከሌባው ጋር ብዙ ጨዋ ሰው እንጀራውን ያጣበት ስለ ነበረ ከባድ ነበር፤ ከባድነቱም ለአዋሾች ትምህርት ሊሆን በተገባ። ነጣቂው በደቂቃ ይጠፋል፤ የሚቀረው በሰው ዓይን የታየው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ደግሞ የሚመራው ወደ ነጣቂው ሳይሆን በሊብሬው ላይ ስሙ ወደ ተጻፈው ሰው ነው። ሞተሩን ለወዳጁ ያዋሰ፣ ወዳጁ ደግሞ ለወዳጁ ያዋሰበት ባለቤት፣ በዚያች ሰዓት የት እንደ ነበር ለማስረዳት ሲንከራተት ውሎ ያድራል። ውሰት ከአንድ እጅ ከወጣ በኋላ ስንት እጅ እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም።

ስለ ራስ ቁርም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ሄልሜት በደንብ የታሰረ እንደ ሆነ የመሞትን አደጋ ወደ 40 በመቶ፣ በራስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ወደ 70 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ ዕውቀት የመጣው በብዙ ሰው ሞት ነው፤ እንግሊዛዊው ቶማስ ኤድዋርድ ሎሬንስ በ1935 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በኀይለኛ ሞተር ቢስክሌቱ ወድቆ በሞተ ጊዜ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ነበር፤ ይህ ሐኪም ከዚያ በኋላ በሠራዊቱ ሞተረኞች ላይ ባደረገው ምርመራ ሄልሜት እንዲለበስ ምክንያት ሆነ። የሚያሳዝነው ግን ሞተር የሚያውስ ሰው ሞተሩን እንጂ ሄልሜቱን አብሮ የማያውስ መሆኑ ነው፤ ቢያውስም ለራሱ ራስ የተሰፋ ስለ ሆነ በተዋሹ ራስ ላይ እንደ ቅል ይወዛወዛል።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ ነገር እንመለስ። በየወረዳው ላለው የግብርና ባለሙያ የሚሰጠው ሞተር ከአራዳው የእሽቅድድም ሞተር ጋር በጉልበት አይወዳደርም፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን አንዳንድ ጊዜ ይበልጣል። የአራዳው ሞተር ሲሰበር አንድ ሰው ያዝናል፤ የወረዳው ሞተር ሲሰበር ቀበሌዎች ባለሙያ ያጣሉ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻና በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢጫ ዋግ በስንዴ ላይ በወረደ ጊዜ፣ በማሳው ጥግ የታየች ጥቂት ቢጫ ነገር በአጭር ቀን አገር ምድሩን ልታዳርስ እንደምትችል ተመልክቷል። መድኀኒቱ ዋጋ የሚኖረው በሽታው ገና በጥቂቱ ሳለ የተረጨ እንደ ሆነ ነው። ይህን የሚያየው ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው ነው፤ የሚዞረውም በዚያች ሞተር ነው። ሞተሯ ለሠርግ ተውሳ መሪዋ ተጣሞ ግድግዳ ተደግፋ በምትቆምበት ሳምንት ዋጉ አይቆምም።

ስብራት ብቻም አይደለም። በእርሻ ሥራ የተለመዱት ትናንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ዘይት በልዩ ጋን የሚጨመርላቸው፣ ዘይቱንም ከቤንዚኑ ጋር እያቃጠሉ የሚሄዱ ናቸው። ተዋሹ ጨዋ የሆነ እንደ ሆነ ቤንዚን ሞልቶ ይመልሳል፤ ስለ ዘይቱ ጋን ግን የነገረው የለም። ዘይቱ ባለቀ ጊዜ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ የኋላውም ጎማ እየሮጠ ሳለ በድንገት ይታሰራል። ይህም የሚሆነው በተዋሹ እጅ ሳይሆን ከሁለት ቀን በኋላ፣ ባለሙያው ብቻውን በዳገት መንገድ ላይ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ተዋሹን ማን ይጠይቀዋል? ደኅና አድርጎ መልሷልና፣ ቤንዚንም ሞልቷልና ይመሰገናል።

«ታዲያ ጎረቤት በምጥ ተይዛ፣ ሕፃን በእባብ ተነድፎ እንቢ ይባላልን?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። በብዙ ቀበሌ አምቡላንስ በቶሎ አይደርስም፤ የባለሙያው ሞተርም ብቸኛው ሞተር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ባለው ጊዜ የሚያስፈልገው ሞተሩን ማዋስ አይደለም፤ የሚነዳው ሰው ራሱ መነሣት ነው። ያልለመደ ሰው የደነገጠች ነፍስ ይዞ በማታ በማያውቀው ሞተር ቢሄድ አንዱን አደጋ ሁለት ያደርገዋል። የለመደው ግን በሽተኛውን ከኋላው አስቀምጦ፣ ሌላ ሰው ከበሽተኛው ጀርባ ሳይጨምር፣ ቀስ ብሎ ያደርሳል። የቀድሞ ሰው በቅሎውን ለእንግዳ ሲሰጥ ሎሌውን ልጓም አስይዞ አብሮ ይሰድ እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል፤ ይህም እንደ ክብር እንጂ እንደ ንፍገት አልተቈጠረበትም።

ለይሉኝታውም ቢሆን የሚሻለው መድኀኒት የባለሙያውን ልብ ማጽናት ብቻ አይደለም፤ ሸክሙን ከእርሱ ላይ ማንሣት ነው። በአንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ለአጎቱ ልጅ፣ ለአበ ልጁና ለቤቱ አከራይ «እንቢ» እያለ ሊኖር የሚችል ወጣት ጥቂት ነው። «ቁልፉ በጽሕፈት ቤቱ ነው» ሊል ግን ማንም ይችላል። ስለዚህ የወረዳው ሹም ከሥራ ሰዓት በኋላና በበዓል ቀን ቁልፉን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢያስገባ፣ ሁለተኛውንም ቁልፍ በታሸገ ፖስታ በራሱ ሣጥን ቢያኖር፣ ወጣቱን ከጠላትነት ያድነዋል። መዝገብም ይኑር፤ በመዝገቡ ላይ የወሰደው ሰው ስም፣ የመንጃ ፈቃዱ ቍጥር፣ ሲወጣና ሲገባ የኪሎ ሜትሩ ልክ፣ የዘይቱም ጋን መታየቱ ይጻፍ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ዋግ በሚፈራበት ወራት፣ መዝገቡን ሹሙ ራሱ በየሳምንቱ ይመልከተው። «ለሥራ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ባገኘ ጊዜ ለየትኛው ቀበሌና ለየትኛው ማሳ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ መልስ ያልተገኘለት እንደ ሆነ በማግስቱ ቁልፉ ከሣጥኑ አይውጣ።